አለን ቱሪንግ፦ ኮምፒውተር ሳይሠራ ኮምፒውተርን ያሰበው ሊቅ

ከመቶ ዓመት በፊት ኮምፒውተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በዋናነት የዕቃ ስም አልነበረም፤ የሥራ መጠሪያ ነበር። በመድን ድርጅቶች፣ በከዋክብት መመልከቻ ጣቢያዎችና በጦር ሠራዊት ቢሮዎች ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከጠዋት እስከ ማታ ሲደምሩ፣ ሲቀንሱና ሲያባዙ የሚውሉ ሠራተኞች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

ዛሬ ስሙ የማሽን ሆኗል። ማሽኑም ከጠረጴዛ ወርዶ ሰው በሄደበት ሁሉ ይከተላል። በኪስ ውስጥ ስልክ ሆኖ ይቀመጣል፤ በባንክ ደጃፍ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል፤ በሆስፒታል የሕሙማንን መዝገብ ይይዛል። በናይሮቢ ገበያ በኤም-ፔሳ ሒሳብ የሚከፍል ሸማችም ሆነ በአዲስ አበባ በቴሌብር ገንዘብ የምትልክ እናት፣ እያንዳንዳቸው በእጃቸው የያዙት ኮምፒውተር ነው።

ቃሉ ከሰው ወደ ማሽን የተሻገረበትን መንገድ ከጠረጉት ሰዎች መካከል ቀዳሚው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ማቲሰን ቱሪንግ ነው። ኮምፒውተርን ብቻውን አልሠራውም፤ ከእሱ በፊትም ሆነ ከእሱ ጋር ብዙዎች ደክመውበታል። ሆኖም አንድ ማሽን መሣሪያው ሳይቀየር ትዕዛዙ ብቻ እየተቀየረ ሰው ደረጃ በደረጃ ሊያሰላ የሚችለውን ሁሉ ሊሠራ እንደሚችል በሒሳብ ያሳየው እሱ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሀገሩን ካገለገሉት ሰዎች መካከል ስሙ ከፊት ይነሳል። ያችው ሀገሩ ግን በማንነቱ ከሰሰችው፣ ፈረደችበት። 42ኛ የልደት ቀኑ ሊደርስ 16 ቀናት ሲቀሩት ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወላጆቹ ርቆ ያደገው ልጅ

ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ሜይዳ ቬል በተባለ ሰፈር ተወለደ። አባቱ ጁሊየስ ቱሪንግ በብሪታኒያ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ የመንግሥት ሹም ነበሩ። እናቱ ኤቴል ሳራ ቱሪንግ ደግሞ የማድራስ ባቡር ዋና መሐንዲስ የነበሩ ሰው ልጅ ናቸው።

ወላጆቹ በሥራ ምክንያት ወደ ሕንድ ሲመላለሱ አለንና ታላቅ ወንድሙ ጆን እንግሊዝ ውስጥ ቀሩ። በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የጦር መኮንንና ባለቤታቸው ተቀብለው አሳደጓቸው። እናትና አባቱን የሚያያቸው በዕረፍት ወደ ሀገር ቤት ሲመለሱ ነበር።

በ1926 ሸርቦርን ወደተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን በመላ ብሪታኒያ ከተጠራው የሥራ ማቆም አድማ ጋር ገጠመና ባቡር ቆመ። የ13 ዓመቱ ልጅ ግን ብስክሌቱን ይዞ ከሳውዝሃምፕተን ተነሣ። መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ተጉዞ ትምህርት ቤቱ ደረሰ።

ትምህርት ቤቱ የጥንት ቋንቋዎችንና ሥነ ጽሑፍን ከሳይንስ አስበልጦ የሚያይ ነበር። የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ፣ ደብተሩ በቀለም የተጨማለቀ፣ ልቡ ወደ ቁጥር ብቻ ያዘነበለ ይህ ተማሪ አንዳንድ መምህራኑን አላስደሰተም። እሱ ግን ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የአልበርት አይንስታይንን ሥራ በራሱ ጊዜ ያነብ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት የልብ ጓደኛ ያገኘው በአንድ ዓመት የሚበልጠውን ክሪስቶፈር ሞርኮምን ነበር። ሁለቱን ያቀራረባቸው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ፍቅር ነው። በፌብሩዋሪ 1930 ግን ሞርኮም በሳንባ ነቀርሳ በሽታ በድንገት ሞተ። ቱሪንግ ሐዘኑን ለብዙ ዓመታት አልረሳውም፤ ከሟቹ እናት ጋርም ይጻጻፍ ነበር። የሰው አእምሮ ከሥጋው ጋር በምን ይተሳሰራል? ሥጋ ሲፈርስ ሐሳብስ ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች በወጣቱ ልብ ውስጥ ገብተው ቀሩ። በኋላ ማሽን ማሰብ ይችል እንደሆነ ሲጠይቅም የድሮው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

በወረቀት ላይ የተሠራ ማሽን

ቱሪንግ በ1931 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በ22 ዓመቱም የኮሌጁ ተመራማሪ አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ሰሞን ማክስ ኒውማን የተባሉት መምህር በሚሰጡት ትምህርት ላይ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ሰማ።

ጥያቄውን ያነሡት ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ነበሩ። ማንኛውም የሒሳብ ዓረፍተ ነገር ቢቀርብ፣ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለመሆኑን ደረጃ በደረጃ ሠርቶ የሚወስን አንድ የታወቀ ዘዴ አለ ወይ የሚል ነው። መልስ ለመስጠት ግን መጀመሪያ ዘዴ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በትክክል መናገር ያስፈልጋል። ይህን እስከዚያ ድረስ አጥጋቢ በሆነ መንገድ የተናገረው ሰው አልነበረም።

ቱሪንግ ከቀላል ነገር ተነሣ። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ወረቀት ላይ ሲያሰላ ምን ያደርጋል? በአንድ ጊዜ ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ያያል። በአእምሮው ውስጥ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ያውቃል። ከዚያ ምልክቱን ይሰርዛል ወይም ሌላ ይጽፋል፤ ዓይኑን ወደሚቀጥለው ቦታ ያዞራል፤ ወደሚቀጥለው ደረጃም ይሻገራል። ሒሳቡ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ ከእነዚህ ጥቃቅን እርምጃዎች የተለየ ነገር የለበትም።

ስለዚህ በሐሳቡ አንድ ማሽን ሠራ። ማሽኑ በትናንሽ ሣጥኖች የተከፋፈለ፣ ማለቂያ የሌለው ረጅም ጥብጣብ አለው። በጥብጣቡ ላይ የሚያነብና የሚጽፍ አንድ ራስ አለው። ምን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው አጭር የትዕዛዝ ሠንጠረዥም አለው። ራሱ አንድ ሣጥን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ያነባል፤ ይጽፋል፤ ይቀጥላል። ሌላ ምንም የለውም።

ትልቁ እርምጃ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የአንድን ማሽን የትዕዛዝ ሠንጠረዥ ራሱን ወደ ምልክቶች ለውጦ በጥብጣብ ላይ መጻፍ ይቻላል። እንግዲያው ያንን ጽሑፍ አንብቦ የተጻፈለትን ማሽን ሥራ የሚሠራ አንድ ማሽን ሊኖር ይችላል። ለመደመር አንድ ማሽን፣ ለማባዛት ሌላ ማሽን መሥራት አያስፈልግም። አንዱ ማሽን ይበቃል፤ የሚለወጠው በጥብጣቡ ላይ የተጻፈው ትዕዛዝ ነው። ዛሬ መሣሪያውን ሃርድዌር፣ ትዕዛዙን ሶፍትዌር የምንለው ልዩነት በዚህ ሐሳብ ውስጥ ተፀንሶ ነበር።

በዚሁ ማሽን አማካይነት የሂልበርትን ጥያቄም መለሰ፤ እንዲህ ያለ ሁሉን ወሳኝ ዘዴ የለም። ማስረጃው ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ቀለል ባለ መልክ ነው። የትኛውም ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆም እንደሆነ ወይም ለዘላለም ይዞር እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር አንድ ፈራጅ ፕሮግራም አለ እንበል። እንግዲያው ፈራጁን ስለ ራሱ የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል። ይህኛው ፈራጁ ትቆማለህ ካለው ሳያቋርጥ ይዞራል፤ አትቆምም ካለው ወዲያው ይቆማል። ፈራጁ የፈለገውን ቢመልስ ይሳሳታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፈራጅ ሊኖር አይችልም።

ቱሪንግ ጽሑፉን በ1936 ሲያጠናቅቅ አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው አሳትመው ነበር። ወጣቱ ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ በእሳቸው ሥር በ1938 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ቸርች ቢቀድሙትም፣ ማንም ሰው በዓይነ ሕሊናው ሊያየው የሚችለውን ማሽን ያመጣው ቱሪንግ ነበር።

ከጥብጣቡ እስከ ስልካችን

ያ የሐሳብ ማሽን ዛሬ በእጃችን ካለው ስልክ ጋር ምን ያገናኘዋል? ስልክ በውስጡ ፊደል አያውቅም፤ ድምፅም ሥዕልም አያውቅም። የሚያውቀው ኤሌክትሪክ መኖሩንና አለመኖሩን፣ ማለትም አንድንና ዜሮን ነው። የምንጽፈውና የምናየው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩም ወደ አንድና ዜሮ ሰልፍ መለወጥ አለበት።

የግዕዝ ፊደል ጥሩ ምሳሌ ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ግዕዝን ያካተተው በ1999 ነው። በዚያ ሥርዓት ሀ የተሰጠችው ቁጥር 4608 ሲሆን፣ ለ 4616 ናት። ስልኩ ሀን የሚያውቃት 1001000000000 በሚል ሰልፍ ነው። አንድ ሰው ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን በአማርኛ መልዕክት ሲልክ በአየርና በባሕር ሥር የሚጓዘው እንዲህ ያለ የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ወዲህ ማዶ ያለው ስልክ ቁጥሩን አንብቦ ፊደሉን መልሶ ይሥላል።

ሰልፉ ፊደል ይሁን ወይም ትዕዛዝ፣ ሁለቱም በአንድ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንጎለ ኮምፒውተሩ ትዕዛዙን አንድ በአንድ ያነባል፤ ይፈጽማል፤ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ለዚህ ነው አንዱ ስልክ ጠዋት ደብዳቤ ጻፊ፣ ቀን ባንክ፣ ማታ ሬዲዮ ለመሆን የሚችለው። የቱሪንግ ሐሳብ በዕለት ኑሮ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የብሌችሊ ፓርክ ምሥጢር

ብሪታኒያ በናዚ ጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግሥት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ቱሪንግ ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ ወደሚገኘው ብሌችሊ ፓርክ ሄደ። በዚያ የገጠር ቅጥር ግቢ የሒሳብ ሊቃውንት፣ የቋንቋ አዋቂዎችና የቼዝ ተጫዋቾች ተሰባስበው የጠላትን ምሥጢራዊ መልዕክት ይፈቱ ነበር።

ጀርመኖች የሚጠቀሙበት ኢኒግማ የተባለው መሣሪያ የጽሕፈት መኪና ይመስላል። ጸሐፊው አንድ ፊደል ሲጫን ሌላ ፊደል ያለበት አምፖል ይበራል። በውስጡ ያሉት ተሽከርካሪ ጎማዎች በእያንዳንዱ ንክኪ ስለሚዞሩ ያው ፊደል ደግሞ ቢጫን የሚበራው ሌላ ነው። የጦር ሠራዊቱ ኢኒግማ ሊዘጋጅባቸው የሚችሉት መንገዶች ብዛት 158 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ይደርሳል። አዘገጃጀቱም በየቀኑ ይለወጣል።

ሥራውን ከባዶ የጀመሩት እንግሊዞች አልነበሩም። ፖላንዳውያኑ የሒሳብ ሊቃውንት ማሪያን ሬየቭስኪ፣ የዢ ሩዚትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኢኒግማን ምሥጢር ሰብረው ነበር። ሀገራቸው ልትወረር ሳምንታት ሲቀሩ፣ በጁላይ 1939፣ ፖላንዳውያኑ የደረሱበትን ሁሉ ለብሪታኒያና ለፈረንሳይ አስረከቡ።

ጀርመኖች አሠራራቸውን ስለለወጡ የፖላንዳውያኑ ዘዴ ብቻውን በቂ አልሆነም። ቱሪንግ ሌላ መንገድ ፈለገ። የጠላት መልዕክት ውስጥ ሊኖር የሚችል ቃል ይገመታል፤ ለምሳሌ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚላክ የአየር ጠባይ ዘገባ። ኢኒግማ አንድን ፊደል በራሱ መተካት ፈጽሞ አይችልም ነበር፤ ይህ ጉድለቱ የተገመተው ቃል የትኛው ቦታ ላይ ሊያርፍ እንደማይችል ያሳያል። ከዚያ በኋላ ከግምቱ ጋር የሚጋጩትን አዘገጃጀቶች እየጣለ ጥቂቶቹን የሚያስቀር ማሽን ያስፈልጋል።

ቦምብ የሚል ስም የተሰጠው ይህ ማሽን አንድ ቶን ያህል ይመዝን ነበር። የመጀመሪያው በማርች 1940 ሥራ ጀመረ። የቱሪንግ ባልደረባ ጎርደን ዌልችማን ያከለበት ማሻሻያ ፍጥነቱን እጅግ አሳደገው። ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ200 በላይ ተሠርተዋል። በየቀኑ ሲያንቀሳቅሷቸው የነበሩት በአመዛኙ ወጣት የባሕር ኃይል ሴቶች ናቸው። ከግቢው ሠራተኞችም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ።

ቱሪንግ የያዘው ከሁሉ የከበደውን፣ የጀርመን ባሕር ኃይልን ኢኒግማ ነበር። ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ላይ ለብሪታኒያ ምግብና ነዳጅ የሚያመላልሱ መርከቦችን ያሰጥሙ ነበር። በ1941 ከተማረኩ የጀርመን መርከቦች የተገኙ ሰነዶችም ረድተው ምሥጢሩ ተፈታ፤ የመርከብ ጓዦችም የሰርጓጆቹን መንገድ እያወቁ ዞረው ማለፍ ቻሉ።

ድሉ ቀጣይ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1942 ሰርጓጆቹ አራተኛ ጎማ ያለው ኢኒግማ ሲይዙ መልዕክታቸው ለአሥር ወራት ያህል ጨለመ። በኦክቶበር 1942 ከግብጽ ባሕር ዳርቻ ባሻገር እየሰጠመ በነበረ የጀርመን ሰርጓጅ ውስጥ ሁለት የብሪታኒያ ባሕረኞች፣ አንቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዚየር፣ ገብተው የምሥጢር መጻሕፍቱን አወጡ። መጻሕፍቱ ተረፉ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ከመርከቡ ጋር ሰጠሙ። የብሌችሊው ሒሳብ በእንዲህ ያለ የሰው ሕይወትም የተከፈለበት ነው።

ቱሪንግ በግቢው ውስጥ በልዩ ጠባዩ ይታወቅ ነበር። የአበባ ብናኝ ያስነጥሰው ስለነበር የጋዝ ጭንብል አጥልቆ በብስክሌት ይሄዳል፤ የሻይ ኩባያው እንዳይወሰድበት በሰንሰለት ያስረው ነበር። በ1941 ለሥራ ባልደረባው ለጆአን ክላርክ የጋብቻ ጥያቄ አቅርቦ ተጫጩ። በወንዶች እንደሚሳብ ከነገራት በኋላም እሷ ፊቷን አላዞረችበትም፤ ጋብቻው እንደማይሆን ወስኖ ያፈረሰው እሱ ነው። ጓደኝነታቸው ግን ቀጠለ።

በዚያው ዓመት የሰው ኃይል እጥረት ሥራውን ሲያንቀው ቱሪንግና ሦስት ባልደረቦቹ አለቆቻቸውን ዘለው በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ጻፉ። ቸርችልም የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ያለ መዘግየት እንዲሰጣቸው አዘዙ። በብሌችሊ ያገለገሉት የታሪክ ምሁር ሃሪ ሂንስሊ በግቢው የተገኘው መረጃ በጥቅሉ ጦርነቱን ቢያንስ በሁለት ዓመት ሳያሳጥረው እንዳልቀረ ገምተዋል።

ሐሳቡ አካል ሲያገኝ

ጦርነቱ ሲያበቃ ቱሪንግ የለንደኑን ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀላቀለ። ትዕዛዝንና መረጃን በአንድ ማኅደረ ትውስታ የሚይዝ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ዝርዝር ንድፍ አዘጋጀ። በጦርነቱ ጊዜ ኤሌክትሮኒክስ ምን ያህል ፈጣንና አስተማማኝ እንደሆነ በዓይኑ አይቷል፤ ምሥጢር ለመጠበቅ ስለማለ ግን ለአዲሶቹ ባልደረቦቹ ይህን መንገር አይችልም። ሥራው ተጓተተ፤ ቱሪንግም ተሰላችቶ ለቀቀ። ከንድፉ የተቀነሰው ማሽን ሥራ የጀመረው በ1950 ነው።

እስከዚያ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ነበር። ፍሬዲ ዊሊያምስ፣ ቶም ኪልበርንና ጄፍ ቱቲል የሠሩት ማሽን ጁን 21 ቀን 1948 በማኅደረ ትውስታው ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም አስኬደ። ፕሮግራሙ 17 ትዕዛዞች ነበሩት፤ መልስ እስኪሰጥም 52 ደቂቃ ፈጀ። ማኅደረ ትውስታው 1024 ቢት ብቻ ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ በአብዛኛው በ24 ቢት ስለሚቀመጥ፣ ያ ክፍል ሙሉ ማሽን ሊይዝ የሚችለው 42 ፊደላትን ነበር፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ማለት ነው።

ቱሪንግ በዚያው ዓመት ወደ ማንቸስተር ሄደ። ቀጥሎ ለተሠራው ማሽን የፕሮግራም አጻጻፍ መመሪያ አዘጋጀ። ያን ጊዜ ፕሮግራም መጻፍ ማለት ቁጥርና ምልክት ራስን እስኪያዞር መደርደር ነበር።

ከጠረጴዛ ሲርቅ ይሮጥ ነበር። በ1947 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጨረሰ። በተከታዩ ዓመት የለንደን ኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ የገባው ከዚህ በ11 ደቂቃ ብቻ ፈጥኖ ነው። ሩጫ የታላላቅ ጀግኖች መንገድ በሆነበት በምሥራቅ አፍሪካ ላለ አንባቢ፣ ይህ ሰዓት ለአንድ የሒሳብ ሊቅ ቀላል እንዳልሆነ መንገር አያስፈልግም።

በ1950 ባሳተመው ጽሑፉ ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ወደ ፈተና ለወጠው። አንድ ጠያቂ ከማያያቸው ከአንድ ሰውና ከአንድ ማሽን ጋር በጽሑፍ ይነጋገራል። የትኛው ሰው፣ የትኛው ማሽን እንደሆነ መለየት ካቃተው፣ ማሽኑ አያስብም ለማለት ምን ምክንያት ይቀራል? ዛሬ ሰዎች በስልካቸው ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ሲጻጻፉ ከ70 ዓመታት በላይ በዘለቀው በዚህ ክርክር ውስጥ እየተሳተፉ ነው።

ለፖሊስ የተናገረው እውነት

በ1952 መጀመሪያ የቱሪንግ ቤት ተዘረፈ። እሱም እንደ ማንኛውም ዜጋ ለፖሊስ አመለከተ። በምርመራው ሂደት ስለ ሌባው ጥርጣሬ ሲጠየቅ ከአንድ ወጣት ወንድ ጋር ግንኙነት እንዳለው ሳይሸሽግ ተናገረ። በወቅቱ በብሪታኒያ በወንዶች መካከል የሚደረግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል ነበር። ሊመሰክር የሄደው ሰው ተከሳሽ ሆነ፤ የተከሰሰውም በ1885 በወጣ ሕግ ነው።

ፍርድ ቤቱ በማርች 1952 ጥፋተኛ አለው። ከእስራት ለመዳን የፍትወት ስሜትን ያጠፋል የተባለ የሆርሞን ሕክምና ለአንድ ዓመት ለመውሰድ ተስማማ። መድኃኒቱ የሯጩን ሰውነት ለወጠው፤ ጡት አበቀለበት። ከጦርነቱ በኋላም ለመንግሥት ይሰጠው የነበረውን የምሥጢር ፍቺ ምክር እንዳይሰጥ ታገደ። ሀገሪቱ በ1939 ምሥጢሯን ሁሉ ያመነችበት ሰው አሁን የማይታመን ሆነ።

ቱሪንግ ሥራውን አላቆመም። በዚያው ዓመት የሕያዋን ፍጥረታት አካል እንዴት ቅርፅ እንደሚይዝ፣ በእንስሳት ቆዳ ላይ የሚታየው ነጠብጣብና ዥጉርጉር መስመር ከምን እንደሚመጣ በሒሳብ የሚያስረዳ ጥናት አሳተመ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል።

ጁን 8 ቀን 1954 የቤት ሠራተኛው በዊልምስሎው ከተማ በሚገኘው ቤቱ አልጋው ላይ ሞቶ አገኘችው። የሞተው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ከአልጋው አጠገብ የተገመጠ ፖም ተገኘ። የሞቱ ምክንያት ሳያናይድ የተባለው መርዝ መሆኑ ተረጋገጠ፤ የአሟሟት መርማሪውም ራሱን አጥፍቷል ሲሉ ወሰኑ። ፖሙ መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ግን አልተመረመረም። እናቱ ልጃቸው በቤቱ ውስጥ በኬሚካል ሲሞክር በጥንቃቄ ጉድለት እንደሞተ እስከ መጨረሻው ያምኑ ነበር።

የዘገየ ይቅርታ

ሳራ ቱሪንግ በ1959 የልጃቸውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ጦርነቱ ላይ የሠራውን ዋና ሥራ መተረክ አልቻሉም፤ ለእሳቸውም ምሥጢር ነበርና። የብሌችሊ ፓርክ ታሪክ ለሕዝብ በሰፊው የተገለጠው በ1974 ነው። ሺዎች ለ30 ዓመታት ያህል ለትዳር ጓደኞቻቸው ሳይቀር ሳይናገሩ ኖረዋል።

በሙያው ዓለም ስሙ ቀድሞ ተከብሯል። ከ1966 ጀምሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛው ሽልማት የሚሰጠው በእሱ ስም ነው። የተፈረደበት ድርጊት በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967 ነው። በ2009 ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች የፈረሙበት ጥያቄ ቀርቦ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በዲሴምበር 2013 ንግሥት ኤልሳቤጥ ምሕረት አደረጉለት። በ2017 ደግሞ በተመሳሳይ ሕግ ለተፈረደባቸውና በሕይወት ለሌሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ምሕረቱ በሕግ ተዳረሰ፤ ሕጉም በተለምዶ በቱሪንግ ስም ይጠራል።

ይቅርታውም ምሕረቱም ሲደርስ እሱ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። እናቱም በ1976 ዐርፈዋል።

በልደት ቀኑ፣ ጁን 23 ቀን 2021፣ የእንግሊዝ ባንክ የቱሪንግን ምስል የያዘ አዲስ የ50 ፓውንድ ኖት ሥራ ላይ አዋለ። በኖቱ ላይ ከ1936ቱ ጽሑፉ የተወሰደ ሠንጠረዥ፣ የቦምብ ማሽኑ ንድፍና የትውልድ ቀኑን በአንድና ዜሮ የሚያሳይ ጥብጣብ ታትሟል። በዝውውር ላይ ካሉት የእንግሊዝ ባንክ ኖቶች ከፍተኛ ዋጋ ያለው ይኸው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግን እምብዛም አይታይም። ለንደንም ሆነ ናይሮቢ ላይ ብዙ ሰው አሁን ሒሳቡን የሚዘጋው በስልኩ ነው፤ አንዱ ማሽን ትዕዛዙን አንብቦ ቁጥሩን ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላ ያሻግርለታል።